የተሰነጠቀ ጫፍና «እስከ ጆሮሽ ቁረጪው» የሚለው ምክር

ጥያቄ፦ «ለዓመታት ሪላክሰር (ፀጉር ቀጥ የሚያደርገውን ኬሚካል) ስጠቀም ቆይቻለሁ። በዚያ ላይ ብሊች አስደርጌ ቀለሙን ቢጫ አድርጌው ነበር። በየሳምንቱም በፔስትራ እተኮሰው ነበር። ሁሉንም ካቆምኩ 8 ወር ሆነኝ። ከሥሩ የሚወጣው የራሴ ጥቅልል ፀጉር ጤነኛ ነው። ከዚያ በታች ያለው ግን ደርቋል፤ ጫፉም ተሰነጣጥቋል። ትከሻዬ ላይ ደርሶ ከዚያ አላልፍም ብሏል። የሄድኩበት ሁሉ ‹እስከ ጆሮሽ ቁረጪው› ይሉኛል። እኔ ደግሞ አልፈልግም። የግድ መቆረጥ አለበት? የተሰነጠቀውን መልሶ የሚያጣብቅ ቅባት የለም? ሁለት ዓይነት ቀለም ሆኖብኛል፤ ቢጫውን ጥቁር ብቀባው ይጎዳዋል?»

መልስ፦ እህቴ፣ እስከ ጆሮሽ የመቁረጥ ግዴታ የለብሽም። ይህን መጀመሪያ ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ጨርሶ ሳትቆርጪ መዝለቅ ግን አይቻልም። በሁለቱ መሃል ቀስ ያለ መንገድ አለ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ይሠራል።

ስለ ቅባቱ የጠየቅሽውን ላስቀድም። ብዙ ሰው ጊዜውንም ፀጉሩንም የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። የተሰነጠቀን ዘለላ መልሶ አንድ የሚያደርግ ነገር የለም። ቅባትም፣ ማስክም፣ ትሪትመንትም ይህን አያደርግም። ከራስ ቆዳ ወጥቶ የምናየው ፀጉር ሕይወት የለውም። ደም አይደርሰውም፣ ራሱን አይጠግንም። ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል። የፀጉር ዘለላ ግን የደረሰበትን ጉዳት ሁሉ ይዞ ይኖራል። ትከሻ ላይ የደረሰ ፀጉር ጫፉ ወደ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ዕድሜ አለው። ያንቺ ጫፍ በዚያ ዕድሜው ያላየው ነገር የለም።

እያንዳንዱ ዘለላ ውጪው በስስ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ ከ5 እስከ 10 ድርብ ሆነው ይነባበራሉ። ውስጡ ደግሞ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ረጃጅም ክሮች አሉ። ጥንካሬው ያለው ውስጥ ነው፤ ጠባቂው ግን ቅርፊቱ ነው። በጤነኛ ቅርፊት ላይ ውኃ በቀላሉ እንዳያልፍ የሚከላከል ስስ የስብ ሽፋን አለ። ብሊች ይህን ሽፋን ይገፍፈዋል። ሪላክሰር ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ክሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዙትን የሰልፈር ማያያዣዎች ይበጥሳል። ፀጉሩ ቀጥ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ አንድ ዘለላ ላይ ሲገናኙ የሚቀረው ጥንካሬ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ለጉዳት ማበጠሪያና ፎጣ ብቻ ይበቃሉ። ጫፍ ላይ ያለው ቅርፊት ተልጦ ሲያልቅ የውስጡ ክሮች ማሰሪያው እንደተፈታ ገመድ ይተረተራሉ።

«የተሰነጠቀን ጫፍ ይጠግናል» ተብለው የሚሸጡት ሁሉ ውሸት ናቸው ግን አልልሽም። ሲሊኮን ያለበት ሴረም ዘለላውን በስሱ ይሸፍናል። አንዳንዶቹ ክሬሞች ደግሞ የተከፈተውን ጫፍ በእርግጥም ለጊዜው ያጣብቁታል። እስክትታጠቢው ድረስ ይቆያል፤ ከዚያ ይለቃል። ይህ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ተጣብቆ የዋለ ጫፍ ከጎረቤቱ ጋር አይጠላለፍም፣ በማበጠሪያም አይቀደድም። እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ጊዜያዊ መከላከያ ተጠቀሚበት።

አሁን ወደ «ትከሻዬ ላይ ቆመ» እንምጣ። ፀጉርሽ አልቆመም። ማስረጃውን ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ ከሥሩ የራስሽ ጥቅልል ፀጉር ወጥቷል። ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሳንቲሜትር ገደማ ያድጋል። በጣም ጥቅልል የሆነ ፀጉር ከዚህ ትንሽ ሊያንስ ይችላል። በ8 ወር ወደ 8 ሳንቲሜትር የሚጠጋ አዲስ ፀጉር አለሽ ማለት ነው። ስለሚጠቀለል አጥሮ ይታይሻል፤ አንዷን ዘለላ ቀስ ብለሽ ዘርግተሽ ለኪያት። ርዝመቱ የማይለወጠው ከላይ የጨመረውን ያህል ከታች እየተሰበረ ስለሚወድቅ ነው። ትከሻ ደግሞ ለጫፍ ክፉ ቦታ ነው። ቀኑን ሙሉ ከልብስ፣ ከኮሌታ፣ ከቦርሳ ማንገቻ ጋር ይፋተጋል። ብዙ ሴቶች «ከዚህ አያልፍልኝም» የሚሉት ርዝመት ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ እምነትም ይስተካከል። ጫፍ መከርከም ፀጉርን ቶሎ አያሳድግም። ዕድገቱ ያለው ከቆዳ ሥር ነው፤ ሥሩ ጫፉ መቆረጡን አያውቅም። መከርከም የሚያደርገው ስንጥቁ ወደ ላይ እንዳይሄድ ማስቆም ነው። ካልተቆረጠ ስንጥቁ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሄድና ዘለላው መሃል ላይ ይበጠሳል። ያኔ 1 ሳንቲሜትር ላለመቁረጥ ብለሽ 5 ታጫለሽ። ያውም ሥርዓት በሌለው ሁኔታ፤ እዚህ አጭር፣ እዚያ ረጅም፣ ታች ደግሞ ሳስቶ ውስጡ የሚታይ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ርዝመትን ተዪው። ዓላማሽ ፀጉሩን ማስረዘም ሳይሆን መተካት ይሁን። ርዝመቱ ባለበት ይቆይ፤ ከላይ አዲሱ ሲጨምር ከታች አሮጌው ይቀነስ።

በቁጥር እንየው። ፀጉርሽ ሲዘረጋ 30 ሳንቲሜትር ነው እንበል። 8ቱ አዲስ፣ 22ቱ የተጎዳ ነው። መጀመሪያ ከታች 4 ሳንቲሜትር አስቆርጪ። ስንጥቁ የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ይህ ቁርጥ ብቻውን ብዙ ነገር ይለውጣል። 26 ሳንቲሜትር ቀረሽ። ከዚያ በየሁለት ወሩ ያደገውን ያህል፣ ማለትም 2 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ትቀንሻለሽ። ርዝመትሽ አይቀየርም። ከ18 ወር በኋላ ግን 26ቱም ሳንቲሜትር የራስሽ ጤነኛ ፀጉር ይሆናል። በመንገዱ ላይ አንድ ቀን እንኳን አጭር ፀጉር አልነበረሽም።

«በየሁለት ወሩ 2 ሳንቲሜትር ይበዛብኛል፣ 1 ብቻ ልቁረጥ» ብትዪ ይቻላል። ያኔ የተጎዳው ተቆርጦ የሚያልቀው በ3 ዓመት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ መጨረሻው ደስ ይላል፤ ርዝመትሽ 44 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ችግሩ ሪላክሰርና ብሊች አብረው ያረፉበት ፀጉር 3 ዓመት ሳይበጠስ መቆየቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይቆይም። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን አንድ ዓመት ባደገው ልክ እቆርጣለሁ፤ ከዚያ የቀረው የተጎዳ ክፍል ምን ያህል እንደሚሰበር አይቼ መጠኑን እቀንሳለሁ።

በሁለቱ ቁርጦች መሃል ደግሞ ስንጥቆችን አንድ በአንድ እየፈለግሽ ራስሽ ማንሳት ትችያለሽ። አድካሚ ነው፤ ግን ርዝመት ሳትነኪ ብዙ ዘለላ ታድኛለሽ። የፀጉር መቀስ ያስፈልግሻል፤ ስለታም የሆነና ለሌላ ነገር የማትጠቀሚበት። የወረቀት ወይም የጥፍር መቀስ ዘለላውን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ጫፍ ደግሞ በቅርቡ ይሰነጠቃል። ፀጉርሽ የታጠበና የደረቀ ይሁን። እርጥብ ፀጉር ላይ ስንጥቅ ይጣበቅና አይታይም። በቀን ብርሃን ተቀመጪ። ለጥቁሩ ክፍል ነጭ ጨርቅ፣ ለቢጫው ጥቁር ጨርቅ ከኋላው አድርጊ።

የምታገኚው አንድ ዓይነት ስንጥቅ አይደለም። ጫፉ ለሁለት የተከፈለ አለ፤ ይህ ጀማሪ ነው። እንደ ብሩሽ ብዙ ቦታ የተከፋፈለ አለ። ጫፉ ደህና ሆኖ መሃሉ የተከፈተም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አያየውም። ሌላው ዘለላው መሃል ላይ የምትታይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ናት። ቆሻሻ ወይም ፎረፎር ትመስላለች፤ ጎትተሽ ብታነሺ ግን አትነሳም። እዚያ ቦታ ላይ ቅርፊቱ ፈንድቶ የውስጥ ክሮቹ ወጥተዋል። ዘለላው የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። ጥቅልል ፀጉር ላይ ደግሞ አንዷ ዘለላ ራሷ ላይ የምትቋጠር ትንሽ ቋጠሮ ትበዛለች። ለመፍታት አትታገዪ፤ ከበላይዋ ቁረጪ። ለሁሉም ደንቡ አንድ ነው፤ ጉዳቱ ከሚያልቅበት ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲሜትር ከፍ ብለሽ፣ መቀሱን ወደ ጎን ሳታጋድዪ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ። ስንጥቁ ሥር ላይ ብቻ ከቆረጥሽ የተዳከመውን ክፍል ትተሽዋል ማለት ነው። በጣትሽ ይዘሽ መሰንጠቁን «መጨረስ» ደግሞ ፈጽሞ አይሁን። ብዙዎቻችን ሐሳብ ላይ ስንሆን ሳናውቀው የምናደርገው ነገር ነው፤ ስንጥቁን በአንድ ጊዜ ብዙ ሳንቲሜትር ያስኬደዋል።

ትንሽ ትንሽ ፀጉር ጠምዝዞ ወደ ውጪ የወጡትን መቁረጥ የሚባል ዘዴም አለ። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከጥምዙ የወጣ ሁሉ የተሰነጠቀ አይደለም። አዲስ እያደገ ያለ አጭር ፀጉርም ይወጣል። ጫፉን ሳታዪ አትቁረጪ። ጫፍን በእሳት መለብለብ ግን አልመክርም። እሳቱ ያየሽውን ስንጥቅ ያነሳዋል፤ ከሱ በላይ ያለውን ክፍል ደግሞ ያደርቀዋል።

እስከ ቁርጡ ድረስ የቀረውን እንዴት ታቆይዋለሽ? እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ የማምነው ተራውን ኮንዲሽነር ነው። የተጎዳ ፀጉር ላዩ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይበዛበታል። የኮንዲሽነር ዋና ንጥረ ነገሮች ደግሞ ፖዘቲቭ ናቸው። ስለዚህ በብዛት የሚጣበቁት በጣም በተጎዳው ቦታ ላይ ነው፤ ማለትም አንቺ በምትፈልጊው ቦታ። በታጠብሽ ቁጥር፣ ከመሃል ጀምሮ እስከ ጫፍ፣ ሳትሰስቺ ተቀቢ። ሻምፖውን ግን ጫፍ ላይ አታሺው። የራስ ቆዳሽን እጠቢ፤ አረፋው ሲወርድ ለጫፉ ይበቃዋል።

ከዘይቶች ለዚህ ጉዳይ የምመርጠው የኮኮናት ዘይትን ነው። አብዛኛው ዘይት ላይ ላዩን ይቀራል። የኮኮናት ዘይት ወደ ዘለላው ውስጥ ይገባል፤ በእጥበት ጊዜ ፀጉሩ የሚያጣውን ፕሮቲን እንደሚቀንስም በጥናት ታይቷል። የሚጠቅመው ግን ከመታጠብሽ በፊት ስትቀቢው ነው፤ ጥቂት ሰዓት ወይም ማታ ተቀብተሽ ጠዋት መታጠብ። የፕሮቲን ትሪትመንትም ብሊች ላረፈበት ፀጉር ይረዳል። አታብዢው ብቻ። ፀጉሩ ደረቅ ብሎ እንደ ገለባ ከተንኮሻኮሸ በዝቶበታልና ለጊዜው ወደ ኮንዲሽነር ብቻ ተመለሺ። የተበጠሱ ማያያዣዎችን ያጠናክራሉ የሚባሉ «ቦንድ» ትሪትመንቶችም አሉ። ዘለላው እንዳይበጠስ ሊያግዙ ይችላሉ፤ የተከፈተን ጫፍ ግን አይዘጉም።

አሁን ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ወደሚሻው ቦታ ልውሰድሽ፤ አዲሱና አሮጌው ፀጉር ወደሚገናኙበት መስመር። ከላይ ጥቅልልና ብርቱ ነው፤ ከታች ቀጥ ያለና ደካማ ነው። ማበጠሪያው ከላይ ወርዶ እዚያ ሲደርስ ይያዛል፤ ጉልበቱ ሁሉ ያ ደካማ ነጥብ ላይ ያርፋል። በዚህ ጊዜ በብዛት የሚበጠሰው ፀጉር እዚያ ላይ ነው። ያ ከሆነ ደግሞ የምትፈሪው አጭር ፀጉር ሳትፈልጊ ይመጣል።

ስለዚህ ደረቅ ፀጉር አታበጥሪ። እርጥብ ፀጉር ብቻውንም ደካማ ነው፤ በቀላሉ ይለጠጥና ይበጠሳል። ኮንዲሽነሩ ገና ላዩ ላይ እያለ፣ በአራት ወይም በስድስት ከፍለሽ፣ በመጀመሪያ በጣትሽ ፍቺው። ከዚያ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ። የመገናኛውን መስመር በሌላኛው እጅሽ ጨብጠሽ ያዢው፤ የማበጠሪያው ጉተታ እዚያ አይደርስም። ስትጨርሺ በፎጣ አትፈትጊው። በለስላሳ የጥጥ ቲሸርት ጨምቀሽ ውኃውን አውጪለት።

ሌላው የሁለቱ ፀጉሮች አለመመሳሰል ነው። ከላይ ጥቅልል፣ ከታች ቀጥ ብሎ መስተዋት ፊት ሲያናድድሽ እጅሽ ወደ ፔስትራው ይሄዳል። ብዙ ሴቶች የጀመሩትን የሚያፈርሱት እዚህ ጋ ነው። ቀጥ ያለውን ከጥቅልሉ ጋር ማመሳሰል ከሙቀት የተሻለ ነው። ማታ እርጥበት ያለውን ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልዪ፣ ወይም በትንንሹ ጠምዝዘሽ እሰሪው፤ ጠዋት ፍቺው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሞገድ ይኖረዋል። ሹሩባም ጥሩ ነው፤ ጫፉ ይደበቃል፣ ትከሻ አይነካም። ላላ ብሎ ይሠራ ብቻ። ሲሠራ የሚያሳምም ሹሩባ ግንባርና ጆሮ ዳር ያለውን ፀጉር ከሥሩ ይነቅላል፤ ለረጅም ጊዜ ከተደጋገመም መልሶ ላይበቅል ይችላል። ማታ ሳቲን ሻሽ ወይም ሳቲን ትራስ ልብስ ይኑርሽ። ቀን ላስቲኩ በጨርቅ የተሸፈነ ይሁን፤ ጫፉንም ወደ ውስጥ አጥፈሽ እሰሪው።

የግድ መተኮስ ካለብሽ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ፔስትራ ከዚያ እጅግ ይበልጥ ይሞቃል። ዘለላው ውስጥ የቀረ እርጥበት ወዲያው ወደ እንፋሎት ይቀየርና ውስጡን እንደ አረፋ ይነፋዋል። ያ ቦታ በኋላ መበጠሱ አይቀርም። ሲተኮስ «ጭስ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ አቁሚ። ብሊች ለነካው ፀጉር ከ150 ዲግሪ ባታልፊ ይሻላል፤ ሙቀት መከላከያ ተቀብተሽ፣ አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፊ። በአዲሱ ፀጉር ላይም ሪላክሰር ድጋሚ እንዳይነካው። በድንገት አሮጌው ላይ ከፈሰሰ ያለቀለት ነገር ነው።

ስለ ቫይታሚን አልጠየቅሽኝም፤ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ አይቀርም። የምትበዪው ምግብ ገና የሚወጣውን ፀጉር ይመለከታል፤ የወጣውን ጫፍ አይነካውም። ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን እጥረት ለሌለበት ሰው ባዮቲን የተሰነጠቀ ጫፍን አይፈታም። በብዛት ሲወሰድ ደግሞ የታይሮይድን ጨምሮ አንዳንድ የደም ምርመራ ውጤቶችን ሊያዛባ ይችላል፤ የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ።

የወደቀውን ፀጉር ግን አንዳንዴ አንስተሽ እዪው። አጫጭርና ጫፉ ላይ ምንም የሌለው ከሆነ የተሰበረ ነው፤ እስካሁን ያወራነው ስለዚህ ነው። ረጅም ሆኖ አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ እብጠት ካለው ከሥሩ የወጣ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ እንዲህ መውጣቱ የተለመደ ነው። ከዚያ በግልጽ ከበዛ፣ ቦታ እየለየ የራስ ቆዳሽን ካሳየ፣ ወይም ቆዳሽ ካሳከከ፣ ካመመ፣ ከቆሰለ ግን ነገሩ የጫፍ አይደለም። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ቀለም ነው። ቢጫውን ክፍል ማጥቆር ትችያለሽ፤ ዓይነቱ ግን ወሳኝ ነው። ቋሚ ቀለም ጥቁርም ቢሆን ብሊች ውስጥም ካለው ፐሮክሳይድ ከሚባል ኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሠራው፤ ያንቺ ጫፍ ሌላ ፐሮክሳይድ አይችልም። አሞኒያም ፐሮክሳይድም የሌለበት፣ ከነካው በኋላ በእጥበት ቀስ እያለ የሚለቅ ቀለም ፈልጊ። ብሊች የነካው ፀጉር ቶሎ ይጠጣዋል፣ ቶሎም ይለቀዋል፤ በየጥቂት ሳምንቱ መድገም ይኖርብሻል። «ሂና» ተብለው ከሚሸጡ ጥቁር ዱቄቶች አንዳንዶቹ የኬሚካል ቀለም የተቀላቀለባቸው ናቸውና ማሸጊያውን ሳታነቢ አትግዢ። የትኛውንም ብትመርጪ ከመቀባትሽ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮሽ ጀርባ ትንሽ ነካ አድርገሽ ሞክሪው፤ ካሳከከሽ ወይም ከቀላ ተዪው። 4 ሳንቲሜትሩን ደግሞ ከቀለሙ በፊት አስቆርጪ። ከተቆረጠው ላይ ጥቂት ዘለላ ይዘሽ ቤት ሂጂና ቀለሙን መጀመሪያ እሱ ላይ ሞክሪው፤ ምን ያህል እንደሚጠቁርና ሲታጠብ ምን እንደሚመስል ራስሽ ላይ ሳይደርስ ታያለሽ።